«በፕላስቲክ ቁስል አይሽርም» ላለን ወንድም፦ መድኃኒት ስለሚለቁ ፊልሞች የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን «በፕላስቲክ ቁስል አይሽርም» የሚል ጽሑፍ በስልክ ከሰው ሰው ሲዞር ከርሟል። ደንበጫና ፍኖተ ሰላም ያሉ ወዳጆቼም «አንተ መድኃኒት ቤት ነው የምትውለው፣ እስቲ ምን ትላለህ?» ብለው ላኩልኝ። ጽሑፉ የሚያወራው አንቲባዮቲክ በውስጡ ስለያዘ ስስ የፖሊመር ፊልም ነው። ፊልሙ ቁስል ላይ ይለጠፋል፣ ወይም በኦፕራሲዮን ጊዜ ሰውነት ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ መድኃኒቱን በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ይለቃል።

ጸሐፊው አምስት ነገር ይላል። ፖሊመር ፕላስቲክ ስለሆነ ሰውነት ውስጥ መክተቱ መርዝ መክተት ነው ይላል። ቀስ ብሎ የሚወጣ መድኃኒት ደካማ ነው፣ ጀርሙን ያለማምደዋል ይላል። አሜሪካ ተሞክሮ ቁስል አባብሷል ይላል። ክኒንና መርፌ እያለ ምን አስፈለገ ይላል። በመጨረሻም ይህ የሀብታም አገር ቅንጦት ነው፣ ለጎጃም ገበሬ ማር ይበጀዋል ይላል።

ከአምስቱ ውስጥ እውነት ያለባቸው አሉ። ሙሉ በሙሉ የተሳሳቱም አሉ። በተራ እሄድባቸዋለሁ።

ከፕላስቲኩ እንጀምር። ፖሊመር ማለት ትንንሽ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ፌስታል ፖሊመር ነው። ጥጥም ፖሊመር ነው። የገዛ ቆዳችን ውስጥ ያለው ኮላጅንም ፖሊመር ነው። ስለዚህ «ፖሊመር ነው» ብሎ ማስደንገጥ ምንም አይነግረንም፤ የትኛው ፖሊመር እንደሆነ ይነገረን።

ለዚህ ሥራ ስሙ ደጋግሞ የሚነሳው ፒ.ኤል.ጂ.ኤ. ነው። የሚሠራው ከላክቲክ አሲድና ከግላይኮሊክ አሲድ ነው። ውሃ ሲያገኘው ሰንሰለቱ ይበጣጠስና ወደነዚያው ሁለት አሲዶች ይመለሳል፤ ሰውነትም እነሱን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ይለውጣቸዋል። ላክቲክ አሲድ ዳገት ስንወጣ ጡንቻችን ራሱ የሚያመርተው ነገር ነው። ሁለቱ እኩል በእኩል ከተቀላቀሉ ፊልሙ በሳምንታት፣ ቢቆይ ሁለት ወር ገደማ ይፈርሳል። ላክቲኩ እየበዛ ሲሄድ ደግሞ ይዘገያል። ሠሪው ዕድሜውን የሚወስነው በዚህ ነው።

ወንድማችን ይህን ማንም ሰምቶት የማያውቅ ባዕድ ነገር አድርጎ አቅርቦታል። በኦፕራሲዮን የወለደችን እናት ይጠይቅ። «የውስጡ ክር ራሱ ይሟሟል፣ አያስቡ» ተብላ ነው ከሆስፒታል የምትወጣው። ቪክሪል የሚባለው ያ ክር የዚሁ ቤተሰብ ነው፤ 90 በመቶው የግላይኮሊክ፣ 10 በመቶው የላክቲክ ወገን። ሁለት ወር አለፍ ሲል ሰውነት ውስጥ ጠፍቶ ያልቃል። ከ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ዓለም ሲሰፋበት ኖሯል። መርዝ ነው የሚል ሰው መጀመሪያ ለእነዚያ እናቶች ሁሉ ማብራሪያ አለበት።

ሁለተኛው ነጥብ ከበድ ያለ ነው። ስለዚህ እዚህ ቆየት እላለሁ።

ጽሑፉ «ጀርም በትንሽ በትንሹ መድኃኒት ከተሰጠው ይለምዳል» ይላል። ይሄ እውነት ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1945 በኖቤል ንግግሩ ላይ አስጠንቅቆበታል፤ ፔኒሲሊን ከሚበቃው በታች የሚወስድ ሰው ጀርሙን ሳይገድል ያስተምረዋል ብሎ። ለእያንዳንዱ ጀርምና ለእያንዳንዱ መድኃኒት ጀርሙ መባዛት የሚያቆምበት መጠን አለ። ከዚያ በላይ ከሆንክ ታሸንፋለህ። ከዚያ በታች ሆነህ ብዙ ከቆየህ ደካሞቹን ገድለህ ጠንካሮቹን ታራባለህ።

ወንድማችን ግን ከዚህ ትክክለኛ ነገር ተነስቶ የተሳሳተ ቦታ ደረሰ። «ቀስ ብሎ የሚለቅ» የሚለውን «ትንሽ የሚለቅ» አድርጎ ነው ያነበበው። ሁለቱ ይለያያሉ። ፊልሙ የሚቀመጠው እዚያው ጀርሙ ያለበት ቦታ ላይ ነው። መርፌ የሚሰጠው ሰው መድኃኒቱ በመላ ሰውነቱ ተሰራጭቶ ነው ቁስሉ ጋ የሚደርሰው፤ ከፊልሙ የሚወጣው ግን ጥቂት ሚሊግራምም ቢሆን የሚያርፈው አንድ ስንዝር በማትሞላ ቦታ ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ የሚኖረው መጠን በደም በኩል ከሚመጣው በብዙ እጥፍ ሊበልጥ ይችላል፣ በደም ውስጥ ያለው ደግሞ ከቁጥር የማይገባ ሊሆን ይችላል።

አለቃቀቁም እሱ እንዳሰበው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1961 ታኬሩ ሂጉቺ የተባለ ሳይንቲስት ያወጣው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። መድኃኒት እኩል ከተበተነበት ስስ ነገር ውስጥ የሚወጣው መጠን ከጊዜው ካሬ ሩት ጋር ነው የሚሄደው። በቀላሉ ላስቀምጠው። በመጀመሪያው ሰዓት 10 ማይክሮግራም የለቀቀ ፊልም 20 ለመሙላት 4 ሰዓት ይፈጅበታል፣ 30 ለመሙላት 9 ሰዓት። ምክንያቱም ላይ ላዩን ያለው መድኃኒት ቶሎ ይወጣል፣ ውስጥ ያለው ግን ረጅም መንገድ አለበት። እንዲያውም ገና ሲረጥብ ላዩ ላይ የተቀመጠው በአንድ ጊዜ ግንፍል ብሎ ነው የሚወጣው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ፊልም ሲጀምር ኃይለኛ ነው፣ እያደር ነው የሚደክመው። አደጋው ያለው መጨረሻው ላይ ነው፤ መድኃኒቱ ከሚገድለው መጠን ወርዶ፣ ግን ሳያልቅ፣ ለሳምንታት ጠብ ጠብ ሲል።

ወንድማችን ይህንን ቢጽፍ ኖሮ እጄን አጨብጭቤ እቀበለው ነበር። ደግሞም ማስረጃው ነበረለት። እ.ኤ.አ. በ1970 ቡክሆልዝና ኤንግልብሬክት የተባሉ የጀርመን ሐኪሞች ጄንታማይሲን የተባለውን አንቲባዮቲክ የሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ከሚለጠፍበት የአጥንት ሲሚንቶ ጋር ቀላቅለው መጠቀማቸውን ይፋ አደረጉ። ኋላም ያው ነገር በትንንሽ ዶቃ መልክ በክር ተሰክቶ የመገለ አጥንት ውስጥ ይቀመጥ ጀመር። ብዙ እግር አድኗል። ነገር ግን ያ ሲሚንቶ አክሪሊክ የሚባል ፖሊመር ነው፤ አይሟሟም። ከተጫነበት መድኃኒት የሚወጣው ጥቂቱ ብቻ ነው፣ ሌላው ውስጡ ታስሮ ይቀራል፣ ከታሰረውም ላይ በጣም ትንሽ ትንሹ ለረጅም ጊዜ ሊሾልክ ይችላል። ዶቃዎቹን ለማውጣት ሌላ ኦፕራሲዮን ያስፈልጋል። የለመደ ጀርም ስጋት እዚህ ላይ የእውነት ስጋት ነው።

የሚሟሟው ፊልም የተፈለገውም አንድም ለዚህ ነው። ፖሊመሩ ራሱ ሲፈርስ ውስጡ የታሰረ መድኃኒት አይቀርም፤ ከፊልሙ ጋር አብሮ ያልቃል። ሌላም ዘዴ አለ። መድኃኒቱን መሐል አድርጎ ከላዩ መድኃኒት የሌለበት ስስ ሽፋን ማልበስ። ያኔ መድኃኒቱ ውሃ የሞላ አዲስ እንስራ ጎኑን እንደሚያረጥበው በሽፋኑ በኩል በእኩል ፍጥነት ይወጣል፣ መጀመሪያ ላይ የሚገነፍለውም ይቀንሳል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በግምት አይደለም፣ ይለካል።

እንዴት እንደሚለካ ልንገራችሁ፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ውስጥ ሊታይ የሚችል ነገር ነው። ኪቶሳን የሚባል ከሽሪምፕ ቅርፊት የሚወጣ ፖሊመር አለ። ዱቄቱን አቼቶ ውስጥ ባለው አሲድ፣ ያውም በውሃ በቀጠነው፣ ያሟሙታል። ሲያማስሉት እየወፈረ ይመጣል። አንቲባዮቲኩን ይጨምሩበታል፣ አረፋው እስኪወጣ ያሳርፉታል፣ ዝርግ ሳህን ላይ ያፈሱትና ይደርቃል። ሲደርቅ ከጫፉ በወረንጦ ተይዞ ሲላጥ ብርሃን የሚያሳልፍ ስስ ነገር ነው፣ በጣም ከደረቀ ደግሞ ቅርጭጭ ብሎ ይሰበራል፤ ለዚህ ነው ትንሽ ግሊሰሪን የሚገባበት። ከዚያ በክብ ይቆረጣል። አንዱ ክብ በ37 ዲግሪ የጨው ውሃ ውስጥ ይቀመጥና በየሰዓቱ፣ ኋላም በየቀኑ ከውሃው ትንሽ እየተቀዳ ምን ያህል መድኃኒት እንደወጣ ይነበባል። የተቀዳው ያህል አዲስ ውሃ ይተካበታል። ሌላው ክብ ደግሞ ስታፊሎኮከስ የሚባል ጀርም የተዘራበት ሳህን ላይ ይቀመጣል። በማግስቱ በክቡ ዙሪያ ጀርም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል። ያንኑ ክብ አንስቶ አዲስ የተዘራ ሳህን ላይ ማድረግ ነው፣ በየቀኑ። ቀለበቱ እየጠበበ ይሄዳል። ቀለበቱ የጠፋበት ቀንና መድኃኒቱ ተሟጦ ያለቀበት ቀን በጣም ከተራራቁ ያ ፊልም ጥሩ አይደለም። «ያለማምዳል» ለማለትም «አያለማምድም» ለማለትም ይህን ማየት ግድ ነው። ጽሑፉ ውስጥ ስለዚህ አንድ መስመር የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሁሉም አንቲባዮቲክ ለዚህ አይሆንም። አሞክሳሲሊንና አምፒሲሊን በሰውነት ሙቀት ርጥበት ውስጥ ሲቆዩ ይበላሻሉ። ስለዚህ ለሳምንታት ይለቃል በሚባል ነገር ውስጥ እነሱን ያየ ሰው መጠየቅ አለበት። ጄንታማይሲንና ቫንኮማይሲን ጠንከር ይላሉ፤ ሲሚንቶው ሲጠጥር የሚያወጣውን ሙቀት ሳይቀር ይችላሉ።

ወደ ሦስተኛው ልለፍ። አሜሪካ ተሞክሮ ከሸፈ የሚለው። ስሙን ባይጠቅሰውም የትኛውን ጥናት እንደሚል ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ነው፤ የአንጀት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸው 602 ሰዎች ነበሩበት። ለግማሾቹ ጄንታማይሲን ያለበት የኮላጅን ስፖንጅ ቁስሉ ውስጥ ተቀመጠ። ስፖንጅ የተደረገላቸው ዘንድ 30 በመቶው ቁስሉ አመረቀዘ፣ ያልተደረገላቸው ዘንድ 20.9 በመቶው። መጥፎ ውጤት ነው፣ መደበቅም የለበትም። ግን የስፖንጁ መድኃኒት አብዛኛው ቶሎ የሚወጣ ነው። መድኃኒቱ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ቁስል ውስጥ የተኛ ባዕድ ነገር ነው፣ ያውም አንጀት በተከፈተበት ሆድ አጠገብ። ያ ውጤት የሚከሰው ያንን ስፖንጅ በዚያ ቦታ ላይ ነው።

ከጎኑ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውን ያስቀምጥ። የልብ ምት ማስተካከያ መሣሪያ የሚቀበርላቸው ወደ 7,000 የሚጠጉ ሕመምተኞች ነበሩበት። ለግማሾቹ መሣሪያው የገባው ሚኖሳይክሊንና ሪፋምፒሲን የተባሉ አንቲባዮቲኮች በተቀባ በሚሟሟ የፖሊመር መረብ ውስጥ ተጠቅልሎ ነው። በ12 ወር ውስጥ ከባድ ኢንፌክሽን ከ1.2 ወደ 0.7 በመቶ ወረደ። መረቡም ሁለት ወር ገደማ ሲሆን ይሟሟል። አንዱን ጠቅሶ ሌላውን መተው አንባቢን አያከብርም።

ለእሱ የሚጠቅመውን እኔው ልስጠው። ትሪክሎሳን የሚባል ፀረ ጀርም የተቀባ የስፌት ክር አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሰፊ ጥናት ጋናን፣ ናይጄሪያንና ሩዋንዳን ጨምሮ በሰባት አገሮች ክሩን ከተራው ክር ጋር አወዳድሮ ለውጥ አላገኘም። ፊልም አይደለም፣ አንቲባዮቲክም አይደለም፣ ነገር ግን ለእኛ የሚቀርበው ሁኔታ ይሄ ስለሆነ ማንም ሻጭ «በውጭ አገር ሠርቷል» ብሎ ሲመጣ መልሱ እዚህ አለ። እንደኛ ባለ ሆስፒታል ይሞከር።

አራተኛው፣ ክኒንና መርፌ እያለ የሚለው፣ መድኃኒት ቤት ቆሞ ለማያውቅ ሰው ቀላል ይመስላል።

ኅዳር ላይ የጤፍ አጨዳ ሲደርስ በማጭድ የተቆረጠ ጣት፣ በመጥረቢያ የተመታ እግር ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። «ቴትራሳይክሊን ስጠኝ፣ አምስት ፍሬ ይበቃኛል» ይላል። «ለምን አያ?» ስለው «ፈልቅቄ ልነሰንስበት» ይለኛል። ካፕሱሉን በሁለት ጣቱ ይዞ ጠምዘዝ ያደርገዋል፣ ቢጫው ዱቄት ቁስሉ ላይ ይፈሳል፣ ከደሙ ጋር ይጋገራል፣ ከላዩ ጨርቅ ይታሰርበታል። ለዚያች ሰዓት መድኃኒቱ ሞልቷል። ከዚያ በቁስሉ ፈሳሽ ይታጠባል፣ የተረፈው ደርቆ ቅርፊት ይሆናል፣ ከሥሩ መግል ይቋጥራል። በሦስተኛው ቀን እግሩ አብጦ ጤና ጣቢያ ይሄዳል።

ይህ ሰው መድኃኒቱ የሚያመው ቦታ ላይ ይሁን ማለቱ ትክክል ነው። መለኪያና መቆጣጠሪያ ነው ያጣው። የሚውጠውስ ምን ያደርጋል? ሕመሙ ቀለል ሲልለት በሦስተኛው ቀን ያቆማል፣ የተረፈውን ለልጁ ያስቀምጣል። ያኔ ወንድማችን የሚፈራው ከሚበቃው በታች የሆነ መድኃኒት ሰውነቱ ውስጥ ሆነ ማለት ነው፣ ያለ ምንም ፊልም።

ክኒንና መርፌ የማይደርሱበት ቦታም አለ። አጥንት ተሰብሮ ሲያመረቅዝ የሞተው ክፍል ደም አይደርሰውም፤ ደም ካልደረሰው በደም የሚሄድ መድኃኒትም አይደርሰውም። የስኳር ሕመምተኛ እግርም እንደዚያው ነው። መርፌውን እንጨምር ቢባል ጄንታማይሲን ኩላሊትንና ጆሮን ይጎዳል፣ ገደብ አለው። ቁስሉ ይጠረጋል፣ የሞተው ይወጣል፣ ከዚያ በቦታው የሚቀመጥ መድኃኒት ትርጉም አለው። ሳይጸዳ የተለጠፈ ፊልም ግን አይረዳም፤ ይህንን የሚሸጡት ሰዎች ሁልጊዜ አይነግሩንም።

መድኃኒት ቦታው ላይ መቆየቱ ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ የጎጃም ሰው በዓይኑ አይቷል፣ ያውም በትራኮማ። በቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ከሆነ በቀን ሁለቴ ለስድስት ሳምንት መቀባት ነው። የሚያለቅስ ሕፃን ይዞ ስድስት ሳምንት ማን ይዘልቃል? ዚትሮማክስ የሚባለው የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ሲመጣ ልጁ በዱላ ቁመቱ ተለክቶ በአንድ ጊዜ ይውጥና ያበቃል፣ ምክንያቱም መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል። እርግጥ ያ ፊልም አይደለም። ግን «ቶሎ ገብቶ ቶሎ የሚወጣው ይሻላል» ለሚል ሰው መልስ ይሆናል።

አምስተኛው፣ የሀብታም ቅንጦት ነው የሚለው። በዚህ ነጥብ በጣም አዝኛለሁ፣ ምክንያቱም ሰፈሩን አላየም። ክንድ ላይ የሚቀበረው የወሊድ መከላከያ፣ ኢምፕላኖን፣ ምንድን ነው? 4 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፖሊመር ዘንግ ነው፤ 68 ሚሊግራም ሆርሞን ይዞ፣ ስስ የፖሊመር ቆዳ ለብሶ፣ ለሦስት ዓመት በየቀኑ በማይክሮግራም የሚቆጠር መጠን ይለቃል። ከሞጣ እስከ ቡሬ ባሉ ቀበሌዎች እህቶቻችንና እናቶቻችን ይዘውታል። የሚቀብሩት ደግሞ ከ2009 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በየጤና ኬላው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ሐሳቡ ያው ነው፣ የተጫነው መድኃኒት ነው የተለየው። «ገበሬ አይገባውም» የሚል ሰው የትኛዋንም የጮቄ ሥር እናት ይጠይቅ፤ መቼ እንደሚያልቅና መቼ እንደሚወጣ ቀኑን ቆጥራ ትነግረዋለች።

ስለ ማር አልከራከርም። የማር ስኳርነቱ፣ አሲድነቱና ውስጡ የሚፈጠረው ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ጀርም ይጎዳል። ለቁስል ተብሎ የሚዘጋጀው ማር ግን በጨረር ይታከማል፣ ጥሬ ማር ውስጥ በቀላሉ የማይሞቱ የጀርም ዘሮች ሊኖሩ ስለሚችሉ። ከቀፎ ወርዶ ጥልቅ ቁስል ውስጥ የሚፈስ ማር ያ አይደለም። ለመገለ አጥንት ማር ብሎ ማዘዝ ደግሞ እግር ያስቆርጣል።

እውነተኛ ችግር ማንሳት ፈልጎ ቢሆን ኖሮ ነበረለት። ዋጋው አለ። ፒ.ኤል.ጂ.ኤ. ርጥበት ካገኘው እሽጉ ውስጥ እያለ መፍረስ ይጀምራል፤ ከ45 እስከ 55 ዲግሪ ባለው ሙቀት ደግሞ ይለሰልሳል። ደብረ ማርቆስ ብርዱ ይጠብቀው ይሆናል። ግን ከአዲስ አበባ የተነሳ ጭነት ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ተበላሽቶ ሸራ ሥር ቀን ሙሉ ቢውልስ? እዚያ የተቀቀለ ፊልም ደጀን ሲደርስ መልኩ ላይለወጥ ይችላል፤ አለቃቀቁ ግን ተለውጦ ይሆናል። የሚገዛው አካል ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ እስከ መጨረሻው ቀን የተለካውን የአለቃቀቅ ሰንጠረዥ፣ እና በስንት ዲግሪ ስንት ቀን መቆየት እንደሚችል የሚያሳይ ወረቀት። ወንድማችን ቀጣዩን ጽሑፉን በዚህ ላይ ቢጽፈው ለወዳጆቼ ሁሉ የምልከው እኔው ነኝ።